ሸክላ ማጫወቻ ከመግዛትዎ በፊት የስፒከርዎን ጀርባ ይመልከቱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ሸክላ ማጫወቻን ከገመድ አልባ ስፒከር ጋር ስለማገናኘት የሚጠይቁ በመሆናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጠያቂዎቹ የሚኖሩት በተለያየ አገር ነው፤ ያላቸውም ስፒከር የተለያየ ነው። በዚህም ምክንያት ለአንደኛው የሰጠነው ምክር ለሌላኛው እንዳለ አይሠራም።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሳሉ የሰበሰቧቸው ሸክላዎች በእኅቴ በኩል ደርሰውኛል። አብዛኞቹ በየገጻቸው አንድ ዘፈን ብቻ የያዙት ትንንሾቹ ሲሆኑ ትልልቆቹ ጥቂት ናቸው። ሳሎን ውስጥ አንድ ሶኖስ ፋይቭ፣ ማድ ቤትና መኝታ ቤት ደግሞ አንዳንድ ሶኖስ ዋን አለኝ። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ «ብሉቱዝ ያለው ማጫወቻ ግዢ፤ ያለ ገመድ ታገናኚዋለሽ» አሉኝ። ልጄ ደግሞ በሻንጣ መልክ የተሠራ፣ የራሱ ስፒከር ያለው ርካሽ ማጫወቻ አሳየችኝ። ከ400 ዶላር በላይ ማውጣት አልፈልግም፤ ማድ ቤት ሆኜም መስማት እሻለሁ። የትኛውን ልግዛ?
አንባቢያችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ በሱቁ የተሰጠዎት ምክር ለሌላ ቤት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም። ሶኖስ ዋንም ሆነ ሶኖስ ፋይቭ በብሉቱዝ የሚላክ ሙዚቃ አይቀበሉም፤ ሁለቱም ሙዚቃ የሚያገኙትና እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በቤትዎ ዋይፋይ ነው። ብሉቱዝ አብዛኛውን ጊዜ አንድን መሣሪያ ከአንድ ስፒከር ጋር በቅርብ ርቀት የሚያገናኝ ሲሆን፣ ዋይፋዩ በየክፍሉ ያሉትን ስፒከሮች በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። በማጫወቻውም በስፒከሩም ካርቶን ላይ «ገመድ አልባ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ሁለቱ ይግባባሉ ማለት አይደለም። እንግዲህ ማጫወቻ ለመግዛት የተነሣ ሰው ከዋጋና ከመልክ በፊት ሊያጣራ የሚገባው ድምፁ ወደ ስፒከሩ የሚገባው በየት በኩል እንደሆነ ነው።

የእርስዎ መግቢያ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። ሶኖስ ፋይቭ ከጀርባው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የምታህል ባለ 3.5 ሚሊሜትር የድምፅ ማስገቢያ ቀዳዳ አለችው፤ ሶኖስ ዋን ግን እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። በአንድ በኩል ቀይና ነጭ የአርሲኤ መሰኪያዎች፣ በሌላው በኩል አንድ ባለ 3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ ያለውን ገመድ ገዝተው ማጫወቻውን ከዚያች ቀዳዳ ጋር ያገናኙታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ስፒከሩ ራሱ ይወጣዋል፤ በገመድ የገባለትን ድምፅ ወደ ዲጂታል ለውጦ በዋይፋዩ ወደ ማድ ቤቱና ወደ መኝታ ቤቱ ያደርሰዋል። በስልክዎ ላይ በሚጭኑት የሶኖስ መተግበሪያ የሙዚቃው ምንጭ «ላይን ኢን» እንዲሆን መርጠው ክፍሎቹን በአንድ ቡድን ካደረጓቸው፣ ያው ዘፈን በሦስቱም ክፍሎች እኩል ይሰማል። መርፌው ሸክላው ላይ አርፎ ድምፅ መምጣት እንደጀመረ ስፒከሩ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርግ ምርጫም በዚያው መተግበሪያ ውስጥ አለ፤ ይህን ቢያበሩት ሸክላ በቀየሩ ቁጥር ስልክ ከመፈለግ ይገላገላሉ። ድምፁ ወደ ስፒከሩ ከገባ በኋላ እስኪወጣ ድረስ ቢያንስ 75 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም። የማድ ቤቱ ስፒከር እየተቆራረጠ ካስቸገረዎት ግን ይህን መዘግየት በመተግበሪያው ከፍ ያድርጉት፤ ስፒከሮቹ ድምፁን አጠራቅመው ሳያቋርጡ ለማጫወት ፋታ ያገኛሉ።

«ወደ ዲጂታል ከተለወጠ ምኑን ሸክላ ሆነ» የሚል ሰው ማጋጠሙ አይቀርም። ክርክሩን ለእርሱ ይተዉለት። ከሃምሳ ዓመት በላይ በቆየና በየግብዣው ሲጫወት በኖረ ሸክላ ላይ የድምፁን ጥራት የሚወስኑት የመርፌው ሁኔታና መርፌው በሚሄድበት ቦይ ውስጥ የተጠራቀመው አቧራ ናቸው፤ ስፒከሩ የሚያደርገው ለውጥ ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ገመዱን ሲሰኩ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በብዙ አዳዲስ ማጫወቻዎች ጀርባ ላይ በአንድ በኩል «ፎኖ»፣ በሌላ በኩል «ላይን» የሚል ትንሽ ማብሪያ ይገኛል። ከመርፌው የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ በተለመደው ባለ ማግኔት ካርትሪጅ (መርፌውን በያዘው ትንሽ ክፍል) ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ቢሆን ነው። የስፒከሩ ማስገቢያ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ምልክቱ በመካከል መቶ እጥፍ ያህል መጉላት አለበት። ነገሩ በማጉላት ብቻም አያበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ሥራ ላይ በዋለው የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር መለኪያ መሠረት፣ ዘፈን በሸክላ ላይ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ እንዲቀንስ፣ ቀጭኑ ደግሞ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ወፍራሙ ድምፅ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ ወዲያና ወዲህ በሰፊው እየተወላገደ ቦታ ይጨርስ ነበር፤ ቀጭኑም ከፍ ባይል ኖሮ በሸክላው የገጽ ሹክሹክታ ተውጦ ይቀር ነበር። ጋቢ ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ እንደሚታጠፍ ድምፁም ተጣጥፎ ነው ቦዩ ውስጥ የገባው፤ መልሶ የሚዘረጋው «ፎኖ ፕሪአምፕ» የሚባለው ክፍል ነው።

ሶኖስ ፋይቭ ይህ ክፍል የለውም። ስለዚህ የሚገዙት ማጫወቻ ፎኖ ፕሪአምፕ በውስጡ የተሠራለት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ማብሪያውንም «ላይን» ላይ ያድርጉት። በስሕተት «ፎኖ» ላይ ከቀረ ዘፈኑ ከሩቅ እንደሚመጣ ደካማ ይሆናል፤ ቤዙ ጠፍቶ የጸናጽሉና የ«ስ» ድምፅ ብቻ ይቀራል። ይህ ሲያጋጥም ማጫወቻው ተበላሽቷል ብለው ወደ ሱቅ ከመመለስዎ በፊት ማብሪያውን ይመልከቱ። አንድ ቀን የራሱ የፎኖ ማስገቢያ ያለው አምፕሊፋየር ቢገዙ ደግሞ ተቃራኒውን ማድረግ ይኖርብዎታል፤ ያለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይጎላና እየተሰነጠቀ ያስተጋባል።

አሁን ወደ ማጫወቻው እንምጣ። የአባትዎ ሸክላዎች በአብዛኛው ትንንሽ መሆናቸው የዘመኑ ልማድ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን ሲያሳትም፣ ሙሉ አልበሞቹ ግን አንድ ደርዘን ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚህ ነጠላ ሸክላዎች የሚጫወቱት በደቂቃ 45 ዙር ሲሆን ትልልቆቹ አልበሞች በ33⅓ ዙር ነው። ማንኛውም ደኅና ማጫወቻ ሁለቱንም ፍጥነት ያጫውታል፤ ልዩነቱ ያለው ፍጥነቱ በሚለወጥበት መንገድ ላይ ነው። በአንዳንድ ማጫወቻዎች ላይ ፍጥነት ለመለወጥ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን የጎማ ቀበቶ በእጅ ከአንዱ መዘውር ወደ ሌላው ማዛወር ያስፈልጋል። አልበም ብቻ ለሚሰማ ሰው ይህ ችግር የለውም፤ ትንሹንም ትልቁንም እየቀያየረ ለሚያጫውት እንደ እርስዎ ላለ ሰው ግን አሰልቺ ነው። ፍጥነቱ በቁልፍ የሚለወጥ ይሁን። ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ መካከላቸው ሰፊ ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀዳዳውን የሚሞላው ክብ አስማሚ ከማጫወቻው ጋር አብሮ መምጣቱንም ይጠይቁ።

ከዚህ ይበልጥ አስፈላጊ የሆነና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ አለ። አንድ ነጠላ ሸክላ አራት ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ያልቃል። ማጫወቻው በእጅ የሚሠራ ከሆነ ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌው በመጨረሻው ባዶ ቦይ ውስጥ እየዞረ፣ እርስዎ መጥተው እስኪያነሡት ድረስ «ችክ፣ ችክ» እያለ ይቆያል። ከማጫወቻው ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እርስዎ ግን ማድ ቤት ሆነው፣ እጅዎ በሽንኩርት ተነክሮ ሊሰሙ ነው ያሰቡት። ስለዚህ ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌውን የያዘውን ክንድ በራሱ አንሥቶ ወደ ቦታው የሚመልስና ሞተሩን የሚያጠፋ ሙሉ አውቶማቲክ ማጫወቻ እንዲመርጡ እንመክራለን። የድምፅ ጥራት የሚያሳስባቸው ሰዎች አውቶማቲኩን እንደ መናኛ ነገር ሲያጣጥሉት ይሰማል፤ በየክፍሉ ስፒከር ላለው ቤት ግን ከማናቸውም ጌጥ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ልጅዎ ያሳየችዎትን የሻንጣ ማጫወቻ ለእነዚህ ሸክላዎች አንመክርም። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ማጫወቻዎች ሴራሚክ ካርትሪጅ የሚጠቀሙ ሲሆን መርፌያቸው ሸክላው ላይ የሚያርፈው ከ5 እስከ 6 ግራም በሚደርስ ክብደት ነው። በደኅና ማጫወቻ ላይ ያለ መርፌ 2 ግራም ያህል ይበቃዋል። በዚያ ላይ የሻንጣው ስፒከር መርፌውን ከያዘው ሳጥን ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ፣ ስፒከሩ ሲንቀጠቀጥ መርፌውንም አብሮ ያንቀጠቅጠዋል። ከገበያ በቀላሉ ተተክቶ ለሚገኝ ሸክላ ግድ ላይሰጥዎት ይችላል፤ ከአባትዎ ለተረፈ ሸክላ ግን ሊያስቡበት ይገባል።

በጠቀሱት ዋጋ ውስጥ ሆኖ ፍላጎትዎን የሚያሟላልዎት የኦዲዮ ቴክኒካው ኤልፒ 3 ኤክስቢቲ ይመስለናል። ሙሉ አውቶማቲክ ነው፤ ፎኖ ፕሪአምፕ በውስጡ አለው፤ ፍጥነቱ በቁልፍ ይለወጣል፤ የክንዱም ሚዛን ሊስተካከል ይችላል። አብሮት የሚመጣው መርፌ ጫፉ ክብ የሆነ ሲሆን፣ ባረጁ ሸክላዎች ላይ ረቂቅ ጫፍ ካላቸው ውድ መርፌዎች ይልቅ ጭረትንና ቆሻሻን ይታገሣል። ሲያልቅም ካርትሪጁን ሳይፈቱ መርፌውን ብቻ መተካት ይቻላል፤ ኋላ የተሻለ መርፌ ቢፈልጉም በዚያው ካርትሪጅ ላይ ይገባል። ብሉቱዝም አለው፤ አይጠቀሙበትም እንጂ መኖሩ አይጎዳዎትም። ወጪ ለመቀነስ ከፈለጉ የዚያው ኩባንያ ኤልፒ 60 ኤክስ ሙሉ አውቶማቲክ ሆኖ በጣም ይረክሳል፤ ነገር ግን የክንዱ ሚዛን አይስተካከልም፤ መርፌውም 3 ግራም ያህል ይጫናል። ኤልፒ 120 ኤክስ ደግሞ በሞተሩና በክንዱ ጠንካራ ዕቃ ሆኖ ሳለ ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ለማድ ቤቱ ዕቅድዎ አይመችም።

ይህን የሚያነቡና ሶኖስ ዋን ብቻ ያላቸው ሌሎች አንባቢያን ሌላ መግቢያ መፈለግ ይኖርባቸዋል። ሶኖስ ኢራ 100 የተባለው ስፒከር ለብቻው ከሚሸጥ ትንሽ አስማሚ ጋር ድምፅ በገመድ ይቀበላል፤ ሶኖስ ፖርት ደግሞ ለዚሁ ዓይነት ሥራ የተሠራ ሳጥን ነው። ቪክትሮላ የተባለው ኩባንያ ያወጣቸው ስትሪም የሚባሉ ማጫወቻዎች ያለ ምንም ገመድ በቀጥታ በዋይፋይ ወደ ሶኖስ ይልካሉ፤ ነገር ግን ዋጋቸው የሲልቨር ስፕሪንጓ አንባቢያችን ካሰቡት ሊያልፍ ይችላል፤ ሶኖስ ፋይቭ ላለው ሰውም አያስፈልጉም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ወንድሜ በቅርቡ ከአሜሪካ ስለሚመጣ ሸክላ ማጫወቻ እንዲያመጣልኝ ጠይቄዋለሁ። እሱ ግን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ አንድ ከባድ ማጫወቻ አይቶ «የድሮው ይሻልሃል» ይለኛል። እኔ ያለኝ ስፒከር ጄቢኤል ፍሊፕ 6 ብቻ ነው። የአሜሪካው ዕቃ በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ከ220 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ብገዛ ይበቃኛል? ወይስ አዲስ ይግዛልኝ?
አንባቢያችሁ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከላይ ለሲልቨር ስፕሪንጓ አንባቢያችን ብሉቱዝ አያስፈልግዎትም ብለናል፤ ለእርስዎ ግን ብሉቱዝ ያለው ማጫወቻ ነው የሚያስፈልግዎት። ፍሊፕ 6 የገመድ ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም። ከሥሩ የምትታየው መሰኪያ ባትሪ ለመሙላት የተሠራች ናት፤ ሙዚቃ የሚገባለት በብሉቱዝ ብቻ ነው።

የወንድምዎ ምርጫ የቮልቴጅ ጣጣ ብቻ ቢኖርበት ኖሮ ትራንስፎርመሩ በበቃ ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን የኢትዮጵያው 50 ጊዜ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያወርዳል እንጂ ይህን ምልልስ አይለውጥም። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው በቀጥታ ከመብራቱ ምልልስ ነው። እንዲህ ያለው ማጫወቻ አዲስ አበባ ላይ ሲሰካ 33⅓ ዙር መዞር የነበረበት ሳህን ወደ 27.8 ዙር፣ 45ቱም ወደ 37.5 ዙር ይወርዳል። ዘፈኑ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ የዘፋኟ ድምፅ ይጎረንናል፤ ለጭፈራ የተሠራው ዜማም ይጎተታል። ለአንዳንድ ሞዴሎች ለ50 ምልልስ ተብሎ የተሠራ፣ ውፍረቱ የተለየ የሞተር መዘውር ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ያን ከባሕር ማዶ ፈልጎ ማስመጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ወንድምዎ ያየው ማጫወቻ ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞርና ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክ ዑደት የሚጠበቅ ከሆነ ግን ሁኔታው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የቴክኒክስ ኤስኤል 1200 የዚህ ዓይነት ነው፤ በመብራቱ ምልልስ ስለማይመራ ትራንስፎርመር ብቻ ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ በደኅና ሁኔታና በደኅና ዋጋ ከተገኘ መናቅ የለበትም። ሆኖም ከእርስዎ ስፒከር ጋር ለማገናኘት መጀመሪያ ፎኖ ፕሪአምፕ፣ ቀጥሎ ብሉቱዝ ማስተላለፊያ መግዛት ይኖርብዎታል፤ ሦስት ዕቃ ደርድረው፣ ሦስት ሶኬት ይዘው በመጨረሻ የሚሰሙት በአንዲት ትንሽ ስፒከር ነው። ያን ያህል ወጪ ለማውጣት የተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ ስፒከሩን ቢያሻሽል ይሻለዋል።

ስለዚህ አዲስ ይግዛልዎ። የሶኒው ፒኤስ ኤልኤክስ 310 ቢቲ ወይም የኦዲዮ ቴክኒካው ኤልፒ 60 ኤክስቢቲ ይበቃዎታል። ሁለቱም ሙሉ አውቶማቲክ ናቸው፤ ፎኖ ፕሪአምፕና ብሉቱዝ በውስጣቸው አለ፤ የገመድ ማውጫም ስላላቸው ኋላ የተሻለ ስፒከር ቢገዙ ማጫወቻውን መለወጥ አይጠበቅብዎትም። ሞተራቸው ከውጭ በሚሰካ አዳፕተር በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የመብራቱ ምልልስ ፍጥነታቸውን አይነካውም። ወንድምዎ ዕቃውን ሻንጣ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ግን የአዳፕተሩን ጀርባ ያንብብልዎ፤ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ የሶኬት ማስተካከያ ብቻ ይበቃዎታል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ የሚያወጣው ቮልትና አምፔር፣ የመሰኪያውም ፕላስና ማይነስ ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ የ220 አዳፕተር እዚያው አዲስ አበባ ፈልገው መግዛት ይችላሉ። መርፌው በመከለያው ተሸፍኖ፣ ክንዱ ታስሮ፣ ሳህኑም ወጥቶ ለብቻው ተጠቅልሎ ይምጣ፤ ሳህኑ በቦታው እንዳለ በሻንጣ የተጫነ ማጫወቻ መካከለኛው ዘንግ ሊጣመም ይችላል። ትርፍ መርፌም አብሮ ያምጣልዎ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚፈልጉትን ዓይነት በቅርብ ማግኘት ግን ላይቀል ይችላል።

ማጫወቻው እንደ ስልክ መስታወት ስለሌለው ከየትኛው ስፒከር ጋር እንደሚገናኝ የሚመርጡበት ዝርዝር አይታይም። ስፒከሩን በማገናኛ ሁኔታ ላይ አድርገው፣ አቀራርበው አስቀምጠው የማጫወቻውን የብሉቱዝ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። በዚያን ጊዜ የስልክዎን ብሉቱዝ ያጥፉት፤ ያለዚያ ስፒከሩ የለመደውን ስልክ ይይዝና ማጫወቻው ባዶ እጁን ይቀራል። አንዴ ከተዋወቁ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይፈላለጋሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስፒከሩ በባትሪው ቢበራም ማጫወቻው ይቆማል፤ መርፌውም ሸክላው ላይ እንዳረፈ ይቀራል። መብራቱ እስኪመለስ ሳይጠብቁ በማንሻው ብድግ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ በፍራንክፈርት ከተማ ነዋሪ ነኝ። ብሉቱዝ ያለው ቀላል ማጫወቻ ከአንድ ትልቅ ገመድ አልባ ስፒከር ጋር ገዝቼ ሁለቱንም በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። ድምፁ ዝቅ ሲል ደኅና ነው፤ እንግዳ መጥቶ ከፍ ሳደርገው ግን «ኡ...» የሚል ወፍራም ጩኸት እየጨመረ ይመጣና ዘፈኑን ይውጠዋል። ሻጩ «ማጫወቻው ቀላል ስለሆነ ነው፤ ከባዱን ግዛ» አለኝ። እውነት ነው?
አንባቢያችሁ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ሻጩ ግማሽ እውነት ነግሮዎታል። ስፒከሩ መደርደሪያውን ያንቀጠቅጣል፤ መደርደሪያው ማጫወቻውን፣ ማጫወቻውም መርፌውን ያንቀጠቅጣል፤ መርፌው ያን መንቀጥቀጥ እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ መልሶ ወደ ስፒከሩ ይልከዋል፤ ስፒከሩም አጉልቶ እንደገና መደርደሪያውን ይነቀንቀዋል። ከባድ ማጫወቻ ይህን ዙር ያዳክመዋል እንጂ በአንድ ጣውላ ላይ እስከተቀመጡ ድረስ ፈጽሞ አያስቀረውም።

በቤትዎ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍተው መርፌውን በማይዞር ሸክላ ላይ ያሳርፉና ድምፁን መካከለኛ ላይ አድርገው መደርደሪያውን በጣትዎ ቀስ ብለው ያንኳኩ። ኳኳታው በስፒከሩ «ዱም» ብሎ ከወጣ መንገዱ መደርደሪያው ነው። ስፒከርዎ በብሉቱዝ የሚሠራ መሆኑ የሚጠቅምዎት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስረው ገመድ ስለሌለ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወይም ወደ ሌላው የክፍሉ ማዕዘን ሊወስዱት ይችላሉ። ከተቻለ ከማጫወቻው ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ቤዙን የሚያጎላ ምርጫ ካለውም ሸክላ ሲያጫውቱ ያጥፉት። ማጫወቻው ደግሞ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ወይም በማይነቃነቅ ከባድ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥ። ከማጫወቻው እግሮች ሥር ወፈር ያለ ጎማ ማድረግም ይረዳል፤ ስፖንጅ ግን ማጫወቻውን ስለሚያወዛውዘው አይመከርም።

መርፌውን ካነሡት በኋላም የሚቀጥል፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ቢያደርጉም ባሕርይው የማይለወጥ ወጥ ጉምጉምታ ቢሰሙ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ያ ከኤሌክትሪክ የሚመጣ ስለሆነ አዳፕተሩን ወደ ሌላ ሶኬት አዛውረው፣ ማጫወቻውንም ከዋይፋይ ራውተርና ከስልክ መሙያ አርቀው ይሞክሩ። ስፒከሩን በሌላ ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ማጫወቻውንም በጽኑ ቦታ አስቀምጠው በእንግዳ ፊት ከሚያጫውቱበት ድምፅ ላይ ጩኸቱ እንደገና ከተነሣ፣ ያን ጊዜ ሳህኑና አካሉ ከበድ ያለ፣ እግሮቹም የሚስተካከሉ ማጫወቻ መግዛትዎ ተገቢ ይሆናል።